ኦፈር ፈርማ፣ ከሥራዋ መልቀቂያ ካስገባች በኋላ "ቅጥሩ ቆሟል" ተባለች፤ ምን መጠየቅ ትችላለች?

የገርጂው

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ለታናሽ እህቴ ነው፤ ነገሩን በቀን በቀኑ ላስቀምጠው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል አስመጪ ድርጅት ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ ፈትኗት አለፈች። ሚያዝያ 6 ማኅተምና የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያለበት ኦፈር በፒዲኤፍ ኢሜይል አደረጉላት። ያልተጣራ ደመወዝ 22,000 ብር፣ ቅጥሩ ላልተወሰነ ጊዜ፣ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን፣ ሥራ መጀመሪያ ግንቦት 12፤ "በ5 ቀን ውስጥ ፈርመው ይመልሱ" ይላል። ሚያዝያ 8 ፈርማ፣ ስካን አድርጋ መለሰች። የሰው ኃይል ክፍሉም በዚያው ቀን "ደርሶናል፤ ግንቦት 12 ጠዋት 2:30 ይገኙ" ብሎ ጻፈላት። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 9፣ አሁን 14,500 ለሚከፍላት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አስገባች። የመጨረሻ ቀኗ ግንቦት 9 ነው።

ግንቦት 3 በስልክ ደውለው "በጀት ስለታጠፈ ቅጥሩ ቆሟል፣ ይቅርታ" አሏት። በጽሑፍ የተሰጣት ነገር የለም።

የኦፈሩ ተራ ቁጥር 7 "በጤና ምርመራ፣ በሪፈረንስና ከቀድሞ አሠሪ በሚቀርብ ክሊራንስ ላይ የተመሠረተ ነው" ይላል። ምርመራውን ጨርሳ ውጤቱን አስገብታለች፤ 1,850 ብር ከኪሷ። ሪፈረንስ ደውለው ጥሩ ተብሏል። ክሊራንስ፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቷ ዕዳ እንደሌለባት የሚያረጋግጠው ወረቀት፣ አልቀረበም፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜዋ ሳያልቅ ከየት ይመጣል?

ጥያቄዬ፦ ይሄ ውል ነው ወይስ ገና ተስፋ ነው? "ሥራ ስላልጀመርሽ ሠራተኛችን አይደለሽም" ቢሏትስ? መጠየቅ የሚቻለው ምን ያህል ነው? ዛሬ ግንቦት 5 ነው።

አባ መዝገብ

ወንድሜ፣ "ኦፈር" የሚባል ነገር በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ውስጥ የለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያውቀው የሥራ ውልን ነው። አንቀጽ 4 አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሲስማማ ውሉ ተመሥርቷል ይላል። ሚዛኑ ያለው "ሲስማማ" የሚለው ቃል ላይ ነው፤ "ሥራ ሲጀምር" አላለም። አንቀጽ 5 ደግሞ ለውሉ የተለየ ፎርም አይጠይቅም።

አሁን ወረቀቱን ከአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 ጋር አስተያየው። የሥራው ዓይነት፣ ቦታው፣ የደመወዙ መጠንና አከፋፈሉ፣ የውሉ ጊዜ ሁሉም ሰፍረዋል? ከሰፈሩና ሁለቱም ከፈረሙ በራስጌው ላይ "ኦፈር ሌተር" ተብሎ መጻፉ ለውጥ አያመጣም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም ያግዛታል። ቁጥር 1690፦ ለሐሳቡ መቀበያ ጊዜ ቆርጦ የሰጠ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ በሐሳቡ ይታሰራል። ለእሷ 5 ቀን ተሰጣት፣ በሁለተኛው ቀን መለሰች። ቁጥር 1692፦ ተለያይተው ባሉ ሰዎች መካከል ውሉ የተደረገው መቀበያው በተላከበት ቀን ነው። ስለዚህ የእሷ ውል ሚያዝያ 8 ተደርጓል። ግንቦት 3 ላይ የሚነሣ "ኦፈር" አልቀረም፤ የሆነው ውል ማፍረስ ነው። "ኦፈራችንን አንሥተናል" ካሏት በእነሱ ቃል አትመልስላቸው። "ውሉን አቋርጣችኋል" በል።

ሁለት ነገር አረጋግጠህ ንገረን።

አንደኛ፣ ስትቀበል ምን ብላ ነው የጻፈችው? "ተቀብያለሁ፣ ግን ትራንስፖርት 3,000 ቢጨመርልኝ" ዓይነት ነገር ካለበት በቁጥር 1694 መቀበል መሆኑ ይቀራል። የነሱን ሐሳብ መጣልና አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጠፋው።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ "ይህ ደብዳቤ የሥራ ውል አይደለም፤ ውሉ ሥራ በሚጀመርበት ቀን ይፈረማል" የሚል መስመር አለ? ካለ በቁጥር 1726 ተዋዋዮቹ ራሳቸው የመረጡት ፎርም እስኪሟላ ውሉ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል፤ የክሱም መሠረት ይቀየራል።

የገርጂው

አባ መዝገብ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጻፈችው እንዲህ ነው፦ "የላካችሁልኝን የቅጥር ደብዳቤ ተቀብያለሁ፤ የተፈረመው ተያይዟል።" ሌላ ነገር የለውም። "የሥራ ውል አይደለም" የሚል መስመርም የለም። አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ፦ ሲደውሉላት ደንግጣ "እሺ፣ ችግር የለም" ብላ ዘግታዋለች።

አባ መዝገብ

አይጨንቅህ። በስምምነት ውል ስለማቋረጥ የሚናገረው አንቀጽ 25 ነው፤ ሠራተኛውን የሚያስረው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ትቻለሁ ቢል እንኳ ዋጋ የለውም። በስልክ "እሺ" ማለቷ አይጎዳትም። ከእንግዲህ ግን በስልክ አትነጋገር። ሲደውሉ "በኢሜይል ጻፉልኝ" ትበላቸው።

ሰው ኃይል 12

በቅጥር ሥራ በኩል ያለውን ልጨምር። ሕጉን አባ መዝገብ ብለውታል፤ የናንተ ችግር ቀኑ ነው። ግንቦት 9 አራት ቀን ነው የቀረው።

ዛሬውኑ ለአሁኑ መሥሪያ ቤቷ "ሚያዝያ 9 ያስገባሁትን የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ አንሥቻለሁ፤ በሥራዬ እንድቀጥል እጠይቃለሁ" ብላ ታስገባ። አሠሪው የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ አንዴ የደረሰ መልቀቂያ በአንድ ወገን ብቻ አይመለስም። ግን ገና ሰው ካልተኩ ብዙዎቹ ይቀበላሉ፣ በተለይ ሒሳብ መዝጊያው ሲቃረብ። ከተቀበሉ በቃል አይሁን። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያለበት፣ "መልቀቂያው ቀርቷል" የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ሁለተኛው ሥራ ማስረጃ ማስቀመጥ ነው። ኦፈሩን የተቀበለችው በየትኛው ኢሜይል ነው? በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከሆነ በወጣች ማግስት ይዘጋባታል። ሁሉንም ወደ ግል ኢሜይሏ ታስተላልፍ፤ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋም ታትም። የኤሌክትሮኒክ መልእክት በአዋጅ 1205/2012 ሕጋዊ እውቅና አለው፤ "ኢሜይል ማስረጃ አይሆንም" የሚል ቢገጥማት አትስማው።

በቴሌግራም የተጻጻፉት ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ሳይሉ ነው። በሁለት ሰው ቻት ውስጥ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ የእናንተም ሳይቀር ይጠፋል። እያንዳንዱን መልእክት ወደ ራሷ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ፎርዋርድ ታድርግ፤ ኦሪጅናሉ ቢጠፋም ያ ይቀራል። ከዚያ በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ቻቱን በሙሉ ኤክስፖርት ታድርገው፣ ቀንና ሰዓቱን ይዞ ይወጣል። የስልክ ቁጥሩ ወይም የመለያ ስሙ የሚታይበት ስክሪንሾትም አይቅር። ስም ብቻ ያለበት ስክሪንሾት "እኔ አይደለሁም" ለማለት ይመቻል።

የስልኩን ጥሪ በተመለከተ፣ የጥሪ ዝርዝሩ ላይ ግንቦት 3 የገባውን ቁጥርና ሰዓት ትያዝ። ንግግሩ ራሱ ወደ ጽሑፍ የሚቀየረው እሷ በምትጽፈው ደብዳቤ ነው።

ሸንጎ ጥግ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ሰውዬውን ሰማይ አናድርሰው። የድርጅቱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው የሙከራ ጊዜን ነው። "ብትጀምርም ኖሮ በ60ው ቀን ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ላሰናብታት እችል ነበር፤ ታዲያ ምን አጣች?" ይላል። አንቀጽ 11 እውነትም ይሄን ሥልጣን ይሰጠዋል።

መልሱ አንቀጹ ውስጥ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ሠራተኛው በሙከራው ለሥራው ተስማሚ አለመሆኑ ሲታይ ነው። አንድም ቀን ያልተሞከረ ሰው ተስማሚ አይደለም ሊባል አይችልም፤ "በጀት ታጠፈ" ደግሞ ከእሷ ችሎታ ጋር ምንም አያገናኘውም። በጀት፣ የሥራ መደብ መሰረዝ፣ የገበያ መቀነስ አንቀጽ 28 ውስጥ ያሉ ምክንያቶች ናቸው፤ እነሱም ማስጠንቀቂያ ይፈልጋሉ። ድርጅቱ እውነቱን ነው ብንል እንኳ በስልክ ጥሪ ብቻ አይወጣም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ከሕግ ውጭ ሲቋረጥ አንቀጽ 43 ካሳውን በ180 የቀን ደመወዝ ያሰላዋል። 22,000 ለ30 ቢካፈል 733.33 ብር፣ በ180 ሲባዛ 132,000 ብር። በክሱ ላይ የአንድ ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ፣ 22,000፣ ጨምሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ጠቅላላ 154,000። ግን የማስጠንቀቂያ ጊዜን የሚወስነው አንቀጽ 35 የሙከራ ጊዜውን ስለጨረሰ ሠራተኛ ነው የሚናገረው፤ እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። ይጠየቅ፤ ግን ማንም በዚህ ቁጥር ዕዳውን አይክፈል። አንድ ቀን ላልተሠራበት ውል ዳኛው ሙሉውን ለመፍረድ ሊከብደው ይችላል፤ ሽምግልና ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ቢቀርብላት በቁም ነገር ታስብበት ባይ ነኝ።

የገርጂው

ሰው ኃይል እንዳልከኝ ትናንት አስገባች። አለቃዋ "መመለስ ትችያለሽ፣ ግን በአዲስ የ6 ወር ውል" አላት። ትፈርም?

ሰው ኃይል 12

አትፈርም። ግንቦት 9 ሳይደርስ መልቀቂያው ከተነሣ የድሮው ውሏ አልተቋረጠም፤ አዲስ ውል የሚያስፈልገው የለም። የአገልግሎት ዘመኗ፣ የዓመት ፈቃዷ፣ ሁሉም እንዳለ ይቀጥላል። የ6 ወሩን ከፈረመች ግን "ያኛው በፈቃድሽ አልቋል" ይሏታል፤ ያገለገለችው ዘመን አብሮ ይሄዳል።

ደግሞም በአንቀጽ 10 ለተወሰነ ጊዜ ውል የሚደረግባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፦ ለጊዜው የጎደለ ሠራተኛን መተካት፣ ድንገተኛ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ የመሳሰሉት። የዘወትር የሒሳብ ሥራ እዚያ ውስጥ የለም። ይሄን ግን ለአለቃዋ እንደ ማስፈራሪያ አታቅርበው። "የድሮው ውሌ ይቀጥል፣ ሌላ ነገር አልጠይቅም" ብላ በትሕትና ትጻፍ። አለቃው የፈለገው ነገ ጥላ እንዳትሄድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ካልተቀበሏት ደግሞ ሲሸኟት የሚከፈላትን ታውቅ፦ የሠራችባቸው ቀናት ደመወዝ፣ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት (አንቀጽ 36)፤ ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ሊያስከፍለው ይችላል (አንቀጽ 38)። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው።

ሸንጎ ጥግ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወደ ድሮው ሥራዋ ከተመለሰች "ግንቦት 12 ሥራ ልጀምር ዝግጁ ነበርኩ" ማለት አትችልም፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ቢሆንም መመለሱ ይሻላታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1802 ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቅበታል፤ እጇን አጣጥፋ ከተቀመጠች ዳኛው ያንን ይቀንስባታል። ተመልሳም የሚቀራት ጉዳት አለ፦ የምርመራው 1,850 ብርና በየወሩ ያጣችው የ7,500 ብር ልዩነት።

ካልተመለሰች ደግሞ የሚከተለው ደብዳቤ ዛሬ ይሂድ።

አባ መዝገብ

ደብዳቤውን እኔ ልጻፈው። ረጅም አታድርጉት፤ ስድብም ዛቻም አይኑርበት፤ ነገ ዳኛ ፊት የሚነበብ ወረቀት ነው።

"ጉዳዩ፦ የሥራ ውሉ እንዲፈጸም ስለመጠየቅ

ድርጅቱ ሚያዝያ 6 የላከልኝን የቅጥር ደብዳቤ ሚያዝያ 8 ፈርሜ መመለሴ፣ ድርጅቱም በዚያው ዕለት መረከቡን በኢሜይል ማረጋገጡ ይታወቃል። ይህን በማመን ሚያዝያ 9 በነበርኩበት መሥሪያ ቤት የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ አስገብቻለሁ። ግንቦት 3 ከሰው ኃይል ክፍል በስልክ 'በጀት ስለታጠፈ ቅጥሩ ቆሟል' ተብሎ ተነግሮኛል። በዚህ አልተስማማሁም። በውሉ መሠረት ግንቦት 12 ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። ድርጅቱ ውሉን የሚፈጽም መሆኑን፣ የማይፈጽም ከሆነም ምክንያቱንና የሚከፍለኝን ካሳ እስከ ግንቦት 10 በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ።"

በሁለት ቅጂ ታዘጋጀው። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታ በራሷ ቅጂ ላይ "ገቢ" ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ታስደርግበት። አንቀበልም ካሉ ክርክር አያስፈልግም፤ በኢሜይል ትላከው፣ በሪኮማንዴ ፖስታም ትላከው፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ታስቀምጥ። ወደ ድሮ ሥራዋ ካልተመለሰችና በጽሑፍ መልስ ካልመጣ ግንቦት 12 ጠዋት 2:30 ከሁለት ሰው ጋር በሩ ላይ ትገኝ። ጥበቃው ቢመልሳትም ይሁን፤ መሄዷን የሚመሰክር ሰው ነው የሚያስፈልጋት። አንቀጽ 54 ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ያላገኘ ሠራተኛ ደመወዙን ያገኛል የሚለው እዚህ ይጠቅማታል።

ስለ ክሊራንሱ፦ ድርጅቱ "ሁኔታው አልተሟላም" ቢል፣ ጊዜው ያልደረሰ ሁኔታ አልተሟላም አይባልም። ክሊራንስ ከግንቦት 9 በፊት ሊወጣ እንደማይችል እነሱም ያውቃሉ፣ መጀመሪያውን ቀን ግንቦት 12 ያደረጉትም ለዚሁ ነው። ውል በቅን ልቦና ነው የሚተረጎመው (ቁጥር 1732)።

ሽሮሜዳ

ጥያቄ አለኝ፣ ወረቀት የሌለውስ? የኔ ዘመድ በስልክ ብቻ ነው "ተቀጥረሃል፣ ሰኞ ና" የተባለው።

አባ መዝገብ

በቃልም ውል ነው፤ አንቀጽ 7 አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲሰጠው ያስገድደዋል፤ አለመስጠቱ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ችግሩ ማስረጃ ነው። ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደነገረው፣ ያ ሰው የመቅጠር ሥልጣን እንዳለው ማሳየት አለበት። "ሰኞ ና" የሚል አጭር የጽሑፍ መልእክት ካለው ከምንም ይሻላል። ምንም ከሌለው ክስ ከመክፈቱ በፊት በትሕትና ጽፎ ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ውስጥ ራሳቸው ያምናሉ።

ሚኒሶታ ነኝ

አሜሪካ ላላችሁ፦ እዚህ ነገሩ በጣም ይለያል። አብዛኛው ቅጥር በማንኛውም ቀን በማንኛውም ወገን ሊቋረጥ የሚችል ስለሆነ "ውል ፈረሰ" የሚለው ክስ ብዙም አይራመድም። በሚኒሶታ ግን በፈረንጆቹ 1981 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ፋርማሲስት በሰጡት ተስፋ ተማምኖ ሥራውን ስለለቀቀ ካሳ ይገባዋል ብሏል። የካሳው ልክ አዲሱ ሥራ ላይ ሊያገኝ የነበረው ሳይሆን የድሮውን በመልቀቁና ሌላ የቀረበለትን ባለመቀበሉ ያጣው ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በውሸት ተስፋ ሰውን ለሥራ ከቦታ ቦታ ያዛወረ አሠሪ የጉዳቱን እጥፍ እንዲከፍል የሚያደርግ ሕግ አላት። የስቴታችሁን ሳታዩ የሌላውን አትጥቀሱ።

ሸንጎ ጥግ

አመሰግናለሁ፤ ግን የገርጂው ይሄን ደብዳቤው ውስጥ እንዳትከተው። በኛም ሕግ ለዚያ የሚቀርብ አለ፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2055። ውል እገባለሁ ብሎ ሌላውን ወጪ ካስወጣ በኋላ እንዲሁ በዘፈቀደ ሐሳቡን የተወ ሰው ጥፋተኛ ነው። ፍርድ ቤቱ "ውል አልተመሠረተም" ቢል መውደቂያችሁ ይሄ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ግን ወጪና ኪሳራ እንጂ የ180 ቀን ደመወዝ አይደለም። ከውል ውጭ ኃላፊነት ስለሆነም ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ነው የሚሄደው፤ እዚያ የዳኝነት ክፍያ ይከፈላል፣ ይርጋው (ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደቡ) 2 ዓመት ነው (ቁጥር 2143)።

የሥራ ክርክሩ ይርጋ ግን አጭር ነው፤ ሰው የሚበላው በዚህ ነው። አንቀጽ 163፦ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በ6 ወር። ግንቦት 3 ከተቆጠረ የመጀመሪያው ነሐሴ 3 ያልቃል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ እረፍት ይገባል፣ ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፎ ይርጋ ከመቁጠር ሰኔ ውስጥ መጨረስ ነው።

ወደ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማመልከት ጥሩ ነው፤ አሠሪውን ጠርተው ያነጋግሩታል፣ አንዳንዴ እዚያው ያልቃል። ካሳ ፍረዱልኝ ቢባሉ ግን አይፈርዱም። "ቢሮ አመልክቻለሁ" ብሎ ቀኑን ማሳለፍ አያዋጣም።

አባ መዝገብ

ክሱ የሚቀርበው አዲስ አበባ ላይ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፤ ቀጠሮ ግን ያው ቀጠሮ ነው፤ ከዚያ በላይ አስቡ። ይግባኝ በ30 ቀን ነው።

የክስ ማመልከቻው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ይዘጋጃል፣ በ223 የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል፦ ኦፈሩ፣ የመቀበያው ኢሜይል፣ "ደርሶናል" ያሉበት መልስ፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው፣ የምርመራው ደረሰኝ፣ ገቢ የተደረገው ደብዳቤ፣ የምስክሮች ስምና አድራሻ። ድርጅቱ እጅ ያለ ሰነድ ካለ፣ ለምሳሌ የቅጥር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ በቁጥር 145 ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላት ትጠይቅ።

ከሁሉ በፊት የተከሳሹን ስም አጣሩ። ብዙ ድርጅት ራስጌው ላይ የሚጽፈው የንግድ ስሙን ነው፤ የሚከሰሰው ግን በንግድ ምዝገባው ላይ ያለው ነው። ማኅተሙን አጉልታችሁ አንብቡት፣ ዙሪያው ላይ ሙሉው የማኅበሩ ስም ይኖራል። በተሳሳተ ስም የቀረበ ክስ ሲስተካከል ወር ይበላል።

ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌላት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሰው ኃይል 12

አንድ የረሳነው ነገር፦ ያ ቦታ እንደገና ማስታወቂያ ይወጣበት እንደሆነ ተከታተሉ። "በጀት ታጠፈ" ብሎ በሦስተኛው ሳምንት "ሲኒየር አካውንታንት፣ ብዛት 1" ብሎ ያወጣ ድርጅት አፉን በራሱ ዘጋ ማለት ነው። ቀኑና የማመልከቻው አድራሻ የሚታይበት ስክሪንሾት ይያዝ።

ሌላው ምክንያት ከበስተኋላ ካለም አትለፉት። የጤና ምርመራው ላይ እርግዝና ታይቶ ከሆነ ወይም አካል ጉዳት ኖሯት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አድልዎ ይሆናል። በአካል ጉዳት ላይ ለምሳሌ አዋጅ 568/2000 የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው ያዞረዋል።

የገርጂው

እርግዝናም ሌላም የለም፤ ንጹሕ ነው። የመሥሪያ ቤቷ አለቃ ዛሬ ከሰዓት "መልቀቂያው ቀርቷል" የሚለውን ፈርሞ ሰጣት፣ በድሮው ውል። የአስመጪው ድርጅት መዝገብ ቤት ደብዳቤውን ገቢ አድርጎልናል፤ ከመስጠታችን በፊት "ለመጀመር ዝግጁ ነኝ" የሚለውን መስመር አውጥተን ወጪዋንና የደመወዝ ልዩነቱን አስገባን። ልዩነቱን የስንት ወር አድርገን እንጠይቅ?

ሸንጎ ጥግ

ለድርድር 6 ወር ጻፉ፤ 7,500 በ6፣ 45,000፣ ከ1,850 ጋር 46,850 ብር። ወደ ክስ ከሄደ አንቀጽ 43ን ዋና ጥያቄ፣ ይሄን አማራጭ አድርጋችሁ አቅርቡት። በዚህ መሀል ሌላ ሥራ ካመለከተች ያመለከተችበትን ወረቀት አትጣለው።

አባ መዝገብ

የምርመራው ደረሰኝ በእሷ ስም መሆኑን ደግሞ እዩ። ክሊኒኮች አንዳንዴ በላኪው ድርጅት ስም ይቆርጡታል፤ ከሆነ ዛሬውኑ ያስለውጡት።